ቮልስን በኦሞ ማጠብ ዋጋዋን ማጠብ ነው
ለአሮጌ መኪና የማጽጃና የማስዋቢያ ዕቃ አመራረጥ

የአሮጌ መኪና ገበያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልኩን ለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና በሚያስመጣ ሰው ላይ እንደ መኪናው ዕድሜ የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚህም የተነሳ ቀደም ብላ የገባች አሮጌ መኪና ምትኳ በቀላሉ የማይገኝ ንብረት ሆናለች።

ከነዚህ መካከል በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ጎልታ የምትታየው ቮልስ ነች። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያች ዕለት ድረስ በመላው ዓለም 21,529,464 ያህል ተመርተዋል። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ አልተሠራችም። እንግዲህ ያለችውን ጠብቆ የያዘ ባለንብረት ይጠቀማል፤ ያበላሸ ይከስራል።

ሁለት ቮልሶች ለገበያ ቢቀርቡ፣ ሞተራቸውና ካምቢዮአቸው እኩል ቢሆን፣ ዋጋቸውን የሚለየው የፋብሪካ ቀለም፣ ያልተላጠ ኒኬልና ያልተሰነጠቀ ጎማ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል። የፋብሪካ ቀለም ግን አንድ ጊዜ ተፍቆ ካለቀ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ይህንን ሀብት ከዝገት ይልቅ ፈጥኖ የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ «ለማሳመር» የሚፈስባት የተሳሳተ ማጽጃ ነው። ስለሆነም የማጽጃ ዕቃ ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ «ያበራል ወይ?» ሳይሆን «ምን ይወስድብኛል?» የሚለው መሆን አለበት።

አስቀድሞ ቀለሙን ማወቅ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ መኪኖች ቀለም በአብዛኛው ባለ አንድ ደረጃ ነው። ይህም ማለት ቀለሙም አንጸባራቂውም በአንድ ሽፋን ውስጥ የተዋሀዱ ናቸው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተስፋፋው አሠራር ግን ከቀለሙ በላይ ብርጭቆ የሚመስል ሌላ ሽፋን ይደረጋል። የዛሬ ማጽጃዎች አብዛኞቹ የተሰናዱት ለዚህ ለኋለኛው ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ስስ ፖሊሽ አድርጎ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ባለ አንድ ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ጨርቁ ላይ የሚታየው ቀለም እድፍ ብቻ አይደለም፤ ከመኪናዋ ሀብት ላይ የተቆረሰ ነው።

የፋብሪካ ቀለም ውፍረት ከነስሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሆነ፣ አንዲት መኪና የለበሰችው ቀለም ከሁለት ወይም ከሦስት ፀጉር የማይበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ መገኘቷም ነገሩን ያከብደዋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር የቀለሙን ማጣበቂያ ስለሚበላው ላዩ እንደ ጠመኔ ይቦንናል። በተለይ ቀይ ቀለም ቶሎ ይደክማል።

ኦሞ፣ ላርጎ ወይስ ሻምፖ?

የልብስ ሳሙና ዱቄት የተሠራው የልብስ ቅባትና ላብ ለማስለቀቅ ነው። በአሲድና በአልካሊ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ሲቆም፣ በውሃ የሟሟ የልብስ ሳሙና ዱቄት እስከ 10 እና 11 ይደርሳል። ይህ የአልካሊ ኃይል በቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ገፎ ያወጣል፣ የደከመውን ቀለም ያደርቃል፣ ጌጡን አሉሚኒየምም ያደበዝዛል። ሳይሟሟ የቀረው ፍርፋሪ ደግሞ ይጭራል። በረኪና ጨምሮ ማጠብ ከዚህም የባሰ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ እንደ ዱቄቱ ባይከፋም ሰሙን ያነሳል። የሚጠቅመው አሮጌውን ሰም አውጥቶ አዲስ ለመቀባት ለተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። ለዘወትር እጥበት የሚመረጠው መለኪያው ወደ 7 የተጠጋ፣ «ሰም አያነሳም» ተብሎ የተጻፈበት የመኪና ሻምፖ ነው።

ሆኖም ጥሩ ሻምፖ መጥፎ ጨርቅን አያካክስም። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ወይም በአንድ ባልዲ ውሃ አሥር መኪና በሚታጠብበት ጨርቅ ማስወልወል፣ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት እንደ ማሸት ይቆጠራል። መጀመሪያ አቧራውን በውሃ ማውረድ፣ ቀጥሎ ከጣራ ወደ ታች ማጠብ፣ ለሻምፖውና ለማለቅለቂያው ሁለት የተለያዩ ባልዲዎች መያዝ፣ በጥላ ሥር ሠርቶ በንጹሕ ማይክሮ ፋይበር ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። በፀሐይ ላይ የደረቀ የጉድጓድ ውሃ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋልና።

ኮምፓውንድ፣ ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም

በገበያ ላይ ሦስቱም «ፖሊሽ» እየተባሉ መሸጣቸው ለብዙ ኪሳራ ምክንያት ሆኗል። ኮምፓውንድ ፋቂ ነው። ጭረቱ የሚጠፋው ዙሪያው ያለው ቀለም ወደ ጭረቱ ጥልቀት ስለሚወርድ ነው። ፖሊሽም ይፍቃል፣ ግን በስሱ። ሰም ወይም ዋክስ የሚባለው ግን ምንም አይፍቅም፤ ይሸፍናል እንጂ።

ስለዚህ አካሄዱ ከቀላሉ መጀመር ነው። ለደከመ ባለ አንድ ደረጃ ቀለም ባለሙያዎች ቅባትነት ያለው፣ የማይፍቅ ማለስለሻ ያስቀድማሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሜጓየርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቁጥር 7 ብሎ የሚሸጠው በሰፊው ይታወቃል። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1901 የቤት ዕቃ ፖሊሽ በመሥራት የጀመረ ነው። ማለስለሻው ተቀብቶ እንዲጠጣ ከተተወ በኋላ ይወለወላል፤ ብዙ ጊዜ የቦነነው ቀለም ነፍስ ይዘራል። ይህ ካልበቃ ስስ ፖሊሽ በእጅ ይሞከራል። ኮምፓውንድና ማሽን የመጨረሻ አማራጭ ናቸው። በተለይ በኮፈንና በፓራፋንጎ ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ማሽን በሰከንዶች ውስጥ እስከ ላሜራው ሊያደርሰው ይችላል።

ከሰሞች መካከል ስመ ጥሩው ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ፀሐይን ይችላል። ለአሮጌ ቀለምም ሞቅ ያለ ድምቀት ይሰጣል። የሚቆየው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው። ሰው ሠራሽ መሸፈኛዎች ወራት ይቆያሉ፤ ለክረምት ይመረጣሉ።

ሴራሚክ የተባለው ሽፋን ለዓመታት ይቆያል ተብሎ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በፖሊሽ መስተካከል አለበት፤ ሲበላሽም የሚነሳው በመፋቅ ነው። ቀለሙ ለሳሳ ቮልስ ይህ ሁለት ጊዜ ከዋናው ሀብት መቀነስ ስለሆነ ሳይለኩ መግባት አይመከርም።

ኒኬሉና አሉሚኒየሙ

በተለምዶ «ኒኬል» የምንለው የፓራውልት ጌጥ ላዩ ክሮም፣ ሥሩ ኒኬል ነው። የክሮሙ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም። በመሆኑም የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦና አሸዋማ ማጽጃ ክሮሙን ጨርሰው ቢጫ መልክ ያለውን ኒኬል ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መፍትሔ እንደገና ማስነከር ብቻ ነው። ለቀላል የዝገት ነጥብ የኩሽና አሉሚኒየም ወረቀት ጨምድዶ በውሃ ነክሮ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ከዚያ ለክሮም የተሠራ ስስ ፖሊሽ፣ በመጨረሻም ሰም ይቀባል።

በቮልስ ጎንና በኮፈኑ ላይ የተዘረጋው ጌጥ ግን ብዙውን ጊዜ መከላከያ ሽፋን የተደረገበት አሉሚኒየም ነው። ይህ ሽፋን አልካሊም ጠንካራ አሲድም አይችልም። አሲድነት ያለው የቸርኬ ማጽጃ ከተነካው ነጭ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለእሱ ሻምፖና ሰም ይበቁታል።

ጎማ፣ ወንበርና ሞተር

አንዳንድ ላቫጆዎች መኪናዋን «ለማብረቅ» ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ ይቀቧታል። የናፍታው ወዝ ለጥቂት ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። ከሁሉ የከፋው ግን የመስተዋት ዙሪያ ጎማን ማሳበጡና ማላላቱ ነው። ጎማው ከላላ የክረምት ውሃ ይገባል፤ ውሃው ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ተኝቶ ላሜራውን ይበላል። በርካሽ ናፍታ የተጀመረው ነገር በወለል ብየዳ ያበቃል። ለጎማ የሚገዛው መሠረቱ ውሃ የሆነ፣ የማያብረቀርቅ ማለስለሻ ነው።

ሲሊኮን ያለባቸው የሚረጩ ማብረቂያዎችን ደግሞ ቀለም ቀቢዎች አይወዷቸውም። ላሜራው ላይ ጥቂት ከቀረ አዲሱ ቀለም እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ስለሚያወጣ ነው። መኪናዋን በቅርቡ ጋራዥ ለማስገባት ያሰበ ሰው ከእነዚህ ቢርቅ ይሻለዋል።

የቪኒል ወንበርና ክሩስኮት ለስላሳ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል። ቲነርና ቤንዚን የቪኒሉን ማለስለሻ ስለሚወስዱ ወንበሩ ደርቆ ይሰነጠቃል።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ቅባትና አቧራ ከተጋገረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ስለሆነም የሞተር ንጽሕና ለእሷ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በኃይለኛ ውሃ መርጨት ውሃ ወደ ካርቡራተሩና ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ያስገባል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ቅባት አስለቃቂ በብሩሽ ቀብቶ፣ ክፍሎቹን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ በቀስታ ማጠብ ይሻላል። በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጋበዝ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ለነጋዴው፦ ሒሳቡ በጠርሙሱ ዋጋ አይደለም

ሻምፖ የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ሰው የቅልቅሉን መጠን ማንበብ አለበት። አንዱ ጠርሙስ 1 ለ500፣ ሌላው 1 ለ100 የሚል ከሆነ፣ ለ10 ሊትር ባልዲ የመጀመሪያው 20 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 100 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የአንድ ሊትሩ ጠርሙስ ከመጀመሪያው 50 ባልዲ፣ ከሁለተኛው 10 ባልዲ ይወጣዋል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዋጋ የሁለተኛውን አምስት እጥፍ እስካልደረሰ ድረስ «ውድ» የተባለው ነው የሚረክሰው። ይህን ለደንበኛው በቁጥር ማስረዳት የሚችል ሻጭ በዋጋ መውረድ ከሚፎካከረው የተሻለ ይሸጣል።

ሌላው ነጥብ መለያው ነው። ፋቂ መሆኑን፣ ሲሊኮን እንዳለበትና ለየትኛው ቀለም እንደተሠራ የማይናገር ጣሳ፣ እንዲሁም ማሸጊያው የተከፈተ ወይም የምርት ቁጥር የሌለው ዕቃ፣ ርካሽ ቢሆንም ለአሮጌ መኪና አይገዛም። በተቻለ መጠን አነስተኛውን መጠን ገዝቶ በማይታይ ቦታ መሞከር ተገቢ ነው።

ለገዥውና ለደላላው፦ ብርሃን አያታልል

በገበያ ቀን በናፍታ ወይም በቅባታም ማብረቂያ የተወለወለች መኪና ጭረቷም መቦነኗም ይደበቃል። ገዥው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዞ ቢሄድ፣ ከሻጩ ፈቃድ ጠይቆ ጥቂት ቦታ በቀላል ሻምፖ ቢያጥብና ቢያደርቅ እውነተኛው መልክ ይወጣል። ከዚህ በተጨማሪ የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ በእጅ መያዝ ጠቃሚ ነው። በአንዱ በር ላይ 120 ማይክሮን፣ በሌላው 300 ካሳየ ሁለተኛው እንደገና ተቀብቷል። ከዚያ ብዙ እጥፍ ከፍ ካለ ደግሞ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። መሣሪያው ከሌለ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይረዳል፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይዝም። በተቃራኒው በየቦታው ከ60 እና ከ70 በታች እያሳየ የሚያብረቀርቅ ቀለም ካጋጠመ፣ መኪናዋ በኮምፓውንድ ብዛት የሳሳች ልትሆን ስለምትችል ለሌላ ፖሊሽ አቅም የላትም።

ደላላውም ቢሆን «የፋብሪካ ቀለም ነው» ሲል ይህንን በመለኪያ ቢያሳይ ክርክሩ ያጥራል፣ ዋጋውም ይጸናል።

በጥቅሉ ለአንዲት ቮልስ ባለቤት የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ መለኪያው ወደ 7 የተጠጋ ሻምፖ፣ ሁለት ባልዲ፣ ንጹሕ ማይክሮ ፋይበር ጨርቆች፣ የማይፍቅ ማለስለሻ፣ ጥሩ ሰም፣ መሠረቱ ውሃ የሆነ የጎማ ማለስለሻና የክሮም ፖሊሽ ናቸው። ኮምፓውንዱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እሱ ከባለሙያ ጋር ተመክሮበት፣ ውፍረቱ ተለክቶ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የሚወጣ ነው፤ ምክንያቱም የሚወጣው ወጪ ከኪስ ብቻ ሳይሆን ከመኪናዋም ጭምር ነው።