የደንበል ሐይቅና የደሴቶቹ ሕዝብ

ከአቦምሳ እስከ አሰላ የአርሲ ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው ስንዴና ገብስ፥ ደጋና ፈረስ ነው። ሆኖም ይህ የእርሻ አገር በምዕራብ በኩል ከዓሣ አስጋሪዎች ባሕር ጋር ይዋሰናል። እርሱም ደንበል ወይም ዝዋይ የሚባለው ሐይቅ ነው። ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች የሚወርደው የካታር ወንዝ የሚገባው ወደዚሁ ነው።

ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ በአብዛኛው ስፍራ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። በውስጡ 5 ደሴቶች አሉ፤ ታላቁ ቱሉ ጉዶ፥ በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ወደዚህ እንደ ተሰደዱ፥ አገር ሲረጋም ወደ አክሱም እንደ መለሱት የአባቶች ትውፊት ይናገራል። ውኃው የጠበቃቸው ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትም በደሴቶቹ ተገኝተዋል።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው ለስልጤኛና ለሐረሪ ቋንቋ ቅርብ ነው። መሬታቸው ጠባብ ስለ ሆነ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን አጽንተው ያርሱ ነበር። ሸማ ይሠራሉ፤ በታንኳ ወጥተውም ዓሣ ያሰግራሉ። የዳግማዊ ምኒልክ የአርሲ ዘመቻ በ1870ዎቹ መጨረሻ ካበቃ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ዳርቻው ወጥተው ሰፈሩ።

ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር የምትገኘው የዝዋይ ከተማ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ዓሣው ከዚያ ተጭኖ እስከ ዋና ከተማው ይደርሳል። ነገር ግን በቀድሞ ዘመን የመረቡ ዋና ሲሳይ የነበረው ቆሮሶ እጅግ ቀንሶአል፤ አምባዛና ከውጭ የመጣው ካርፕ በርክተዋል። ዓይነ ጠባብ መረብ ያልደረሰውን ጫጩት ሳይቀር ያወጣል፤ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ብዙ ውኃ ይቀዳል፤ እምቦጭም ዳርቻውን ይወርራል። ከደጋው የታጠበ አፈርም በወንዝ ወርዶ በሐይቁ ይተኛል።

እንግዲህ የሐይቁ ነገር የአስጋሪው ብቻ አይደለም። በጭላሎ ተዳፋት እርከን የሠራ ገበሬ፥ ሐይቁን በዓይኑ ባያይ እንኳ፥ ለአስጋሪው ልጆች እንጀራ አቆይቶአል። የደሴቶቹ አባቶች ጠባብ መሬታቸውን በድንጋይ ደግፈው ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። እኛም ሰፊውን ደጋ እንዲሁ ብንጠብቅ ሐይቁ ይተርፋል።