የሞዴል አውሮፕላን ባትሪ ስንመርጥ ምን እንይ?

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ተንሳፎ ሊያርፍ ይችላል። ሪሲቨሩና ሰርቮዎቹ ኃይል ካጡ ግን የሚመራው የለም፤ አለቀለት ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ባትሪ ስንገዛ የምናየው ሚሊአምፔር-ሰዓቱን ብቻ ነው። እሱ ግን ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ እንጂ ጭነት ሲበዛበት ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ አይነግረንም። እስቲ በኦም ሕግ እናስላው። አራት ሰርቮዎች እያንዳንዳቸው 1 አምፔር ቢስቡ በድምሩ 4 አምፔር ይሆናል። ባለ 4 ሴል ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ 4.8 ቮልት ነው። የባትሪው፣ የስዊቹና የሽቦው ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.2 ኦም ከሆነ 4 ቮልት ይቀራል። 0.4 ኦም ከሆነ ግን የሚቀረው 3.2 ቮልት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሲቨሮች ጠፍተው እንደገና ይነሳሉ፤ እስኪነሱ ድረስ አውሮፕላኑ መሪ የለውም።

ከሞተሩ ባትሪ በሬጉሌተር መውሰድም ይቻላል። ሊኒየር ሬጉሌተር 11.1 ቮልትን ወደ 5 ሲያወርድ በ2 አምፔር 12.2 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ በጣም ከጋለ ሊቋረጥ ይችላል። ሰርቮ ሲበዛ ስዊቺንግ ሬጉሌተር ይሻላል።

እንግዲህ ሰርቮዎቹ 6 ቮልት የሚችሉ ከሆነ 5 ሴል እንጠቀም፤ ሽቦውም ወፈር ያለና አጭር ይሁን። ከመብረሩ በፊት ደግሞ ሁሉንም ሰርቮ ባንዴ እያንቀሳቀስን ቮልቴጁን በላቦራቶሪ ኦሲሎስኮፕ እንየው። ተራ መልቲሜትር ለቅጽበት የሚወርደውን ቮልቴጅ አያሳይም፤ ሪሲቨሩን የሚያጠፋው ግን እሱ ነው።