የልብን ጉዳት ከደም ጠብታ ማንበብ

ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ቢነሳም መልሱ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ አይሆንም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ደም ያስመረምራል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨምሮ ለቀናት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ማዮግሎቢን ይቀድመዋል፤ ግን ከእጅና ከእግር ጡንቻም ስለሚወጣ ብቻውን አይታመንም። ቢኤንፒ ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው ይጨምራል።

እነዚህን በደም የሚታዩ ምልክቶች በሽተኛው አጠገብ ለመለካት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ኤሌክትሮኬሚካል ባዮሴንሰር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለን ነገር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ፣ ነው። መነሻው በ1962 እ.ኤ.አ. ክላርክና ላየንስ ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምረው ስኳር ለመለካት ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ የዛሬው የስኳር መለኪያ የዚያ ልጅ ነው።

ትሮፖኒን ግን እንደ ስኳር አይደለም። ስኳር በአንድ ሊትር ደም 1 ግራም ገደማ አለ፤ ኢንዛይሙ ራሱ ስኳሩን ሲያቃጥል ኤሌክትሪክ ይገኛል። ትሮፖኒንን በዚህ መንገድ የሚያቃጥል ኢንዛይም የለም። ስለዚህ ኤሌክትሮዱ ላይ የተተከለ ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል፣ ኢንዛይም የተሸከመ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይደረብበታል፣ የኢንዛይሙ ውጤት ደግሞ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲደርስ የሚለካ ጅረት ይፈጥራል። በእጅ የሚያዘው አይ-ስታት የተባለ መሣሪያ «ትሮፖኒን አይ» የተባለውን የትሮፖኒን ዓይነት በዚሁ ዘዴ በ10 ደቂቃ ገደማ ይለካል። ኢንዛይም ሳይጠቀሙ፣ ፕሮቲኑ ሲጣበቅ ኤሌክትሮዱ ለጅረት ያለው ተቃውሞ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚለኩም አሉ። የወርቅ ቅንጣትና ግራፊን የሚጨመሩት የሚለካውን የኤሌክትሪክ ምልክት ለማጉላት ነው።

የዘርፉ እውነተኛ ፈተና ግን ደሙ ራሱ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ከፍተኛ ትብነት ያለው የሌላው ዓይነት፣ የ«ትሮፖኒን ቲ»፣ ምርመራ መለያ ወሰን በሊትር 14 ናኖግራም ነው፤ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ግን በሊትር 40 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 3 ቢሊዮን እጥፍ ይጠጋል። ይህ ሁሉ ፕሮቲን ኤሌክትሮዱ ላይ ይለጠፋል። በንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ ተዓምር የሚሠራ ሴንሰር ሙሉ ደም ሲነካ የሚደናገረው ለዚህ ነው። የጥናት ጽሑፎች የሚኮሩበትን ዝቅተኛ የመለኪያ ወሰን የማየው ናሙናው ምን እንደነበር ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሌላው ፈተና ሙቀት ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ብዙውን ጊዜ ቅዝቃዜ ይሻሉ። አፕታመር የሚባሉት አጫጭር የዲኤንኤ ክሮችና የፕሮቲኑን ቅርጽ ይዘው የተቀረጹ ፖሊመሮች ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማሉ። መብራት በሚቆራረጥበት የኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያ እነዚህ ተስፋ ይሰጡኛል።