ዘ ኦፕን፦ ከነፋስ ጋር የሚደረግ ጎልፍ

በቴሌቪዥን የምናየው ጎልፍ አብዛኛውን ጊዜ ዛፍና ኩሬ ባለበት፣ በለመለመ ሜዳ ላይ የሚካሄድ ነው። በየዓመቱ በጁላይ ወር ብሪታንያ ውስጥ የሚደረገው «ዘ ኦፕን» ግን ሌላ ነው። ሣሩ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ዛፍ እምብዛም አይታይበትም፣ ነፋሱም አያባራም። መጀመሪያ ያየው ሰው ሜዳው ተንከባካቢ ያጣ ሊመስለው ይችላል። የውድድሩ ክብር ግን ያለው እዚሁ መሬት ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ሜዳ ሊንክስ ይባላል። በባሕሩና በእርሻው መካከል የሚገኝ፣ በአሸዋ ላይ የተዘረጋ መሬት ነው። አፈሩ ለእህል አይሆንም፤ ስለዚህ ለበግ ግጦሽ ተተወ፤ ስኮትላንዳውያንም በዚያው ላይ ኳስ መምታት ጀመሩ። አሸዋው ዝናቡን ቶሎ ስለሚመጠው መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ነው። ኳሷ ከወደቀች በኋላ ነጥራ ብዙ ትንከባለላለች፤ አንዲት ትንሽ ጉብታ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ልትወስዳት ትችላለች። ከፍ አድርጎ የመታትን ነፋሱ ይቀማዋል። ስለዚህ ሊንክስን የሚያውቅ ተጫዋች ኳሷን ዝቅ አድርጎ ይመታትና የቀረውን መንገድ በመሬት ያስኬዳታል።

ሌላው ፈተና ባንከር የሚባለው የአሸዋ ወጥመድ ነው። የሊንክስ ባንከር ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ግድግዳው ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኳሷ ግድግዳው ሥር ከተለጠፈች ተጫዋቹ ወደ ፊት መምታቱን ትቶ ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ለማውጣት ይገደዳል። በስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው ኦልድ ኮርስ የተባለው ሊንክስ 112 ባንከሮች አሉት። አሜሪካዊው ታይገር ዉድስ በ2000 ዘ ኦፕንን እዚያ ሲያሸንፍ በአራቱም ቀን አንዱ ውስጥ እንኳ አልገባም። እኔ ከዋንጫው ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ውድድሩ የተጀመረው ኦክቶበር 17 ቀን 1860 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዘመኑ አንደኛ ተጫዋች ይባል የነበረው አለን ሮበርትሰን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር ተተኪው ማን እንደሆነ መለየት ነበረበት። ስምንት ባለሙያ ተጫዋቾች በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ፕረስትዊክ ላይ ተሰብስበው 12 ጉድጓድ ያለውን ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ዊሊ ፓርክ በ174 ምት ጨርሶ አሸነፈ፤ ሜዳውን ራሱ የቀየሰው ቶም ሞሪስ በሁለት ምት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ሽልማቱ የብር ዘለበት ያለው ቀይ የቆዳ ቀበቶ ብቻ ነበር፤ ገንዘብ የለበትም።

ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ቀበቶውን ለራሱ ያስቀራል የሚል ደንብ ነበር። የሞሪስ ልጅ፣ እሱም ቶም ይባላል፣ በ1868፣ በ1869 እና በ1870 አሸንፎ ቀበቶውን ይዞ ሄደ። አዘጋጆቹ እጃቸው ባዶ ቀረና በ1871 ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ክለቦች ገንዘብ አዋጥተው እስከ ዛሬ የውድድሩ ዋንጫ የሆነውን የብር የወይን ጠጅ ማንቆርቆሪያ ለማሠራት ተስማሙ። መጀመሪያ የተቀረጸበትም ስም የዚያው የልጁ ነው። ቶም በ1875 በገና ዕለት ሞተ፤ ዕድሜው ገና 24 ነበር።

አሁን ውድድሩ አራት ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ 18 ጉድጓድ፣ በድምሩ 72 ማለት ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች ይበቃዋል ተብሎ የተወሰነ የምት ቁጥር አለ፤ ፓር ይሉታል።

መሬቱ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት በስኮትላንድ፣ ካርኑስቲ ላይ የተደረገውን የ1999ኙን ኦፕን የመሰለ የለም። ሜዳው ጠባብ፣ ዳርና ዳሩ ያለው ሣር ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። የጉድጓዱ ፓር አራት ነው፤ በስድስት ቢጨርሰው እንኳ ዋንጫው የእሱ ነው። እሱ ግን ቁጠባ አልፈለገም። የመጀመሪያ ምቱ በስተቀኝ ርቆ ሄደ። ሁለተኛው የተመልካቾችን መቀመጫ ብረት መታና ባሪ በርን የሚባለውን ወንዝ የድንጋይ ግንብ ነክቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ረጅሙ ሣር ውስጥም ገባ። ከዚያ የመታት ኳስ ወንዙ ውስጥ ወደቀች። ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ቆመ፤ እዚያው ሆኖ ሊመታት አሰበ፤ በኋላ ተወውና የአንድ ምት ቅጣት ተቀበለ። ቀጣዩ ምት ባንከር ውስጥ ገባ። በሰባት ጨረሰ።

በዚህም ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ሆነ፤ ሦስቱም ተጨማሪ አራት ጉድጓድ ተጫወቱ። ያሸነፈው በማጣሪያ የገባው ስኮትላንዳዊው ፖል ሎሪ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር ከመሪው በአሥር ምት ይርቅ ነበር። ሻምፒዮኑ ከፓር ስድስት ምት በላይ አስመዝግቦ ማሸነፉም የሜዳውን ክብደት ያሳያል።

ብዙ ሰው ቫን ደ ቬልድን ሞኝ ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። በሁለተኛው ምት ኳሷ ግንቡን ባትነካ ኖሮ ድፍረቱ ሲወደስ በኖረ ነበር። ሊንክስ ላይ ጥሩ ምት ሊቀጣ፣ መጥፎው ሊማር ይችላል፤ ይህን አድልዎ የሚሉ ተጫዋቾች አሉ፤ ግን ነፋስና ጉብታ የሌለበት ኦፕን የትም ሄደው የሚጫወቱት ተራ ውድድር ይሆናል።

ዕድሉ በሰዓትም ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ አንዱ ፀጥ ያለ አየር ሲያገኝ ሌላውን ዝናብ ሊመታው ይችላል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ያው ነው፤ በ2002 በስኮትላንድ፣ ሙርፊልድ ላይ ቅዳሜ ዕለት የመጣው ማዕበል ታይገር ዉድስን 81 ምት አስመታው፤ ዋንጫውን የወሰደው ደቡብ አፍሪካዊው ኧርኒ ኤልስ ነው። ስለዚህ ውድድሩን የሚከታተል ሰው የውጤት ሰንጠረዡን ከማንበቡ በፊት የጉድጓዶቹን ባንዲራ ይመልከት፤ ማን በምን ነፋስ እንደተጫወተ ካልታወቀ 70 ምት ከ74 መሻሉን መናገር ይቸግራል። የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች የሚወጡት በማለዳ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል።