የጡት ነቀርሳ የኬሞቴራፒ ዕቅዶች ንጽጽር

አምና በሐምሌ የእናቴ እኅት ከጎጃም ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። በጡቷ ላይ የወጣው ዕባጭ ነቀርሳ (ካንሰር) መሆኑ ታውቆ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ፣ ኬሞቴራፒ የሚባለውን የመድኃኒት ሕክምና እንድትከታተል ታዘዘላት። እኔም ትምህርት ስላልነበረኝ ወደ ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነበርሁ። በመስከረም፣ አራተኛው ዙር በተሰጣት ቀን፣ በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ አክስቴ ከሁለት ሴቶች ጋር ጨዋታ ጀመረች። አንደኛዋ አራት ዙር ወስዳ መጨረሷን ነገረቻት። ሁለተኛዋ ደግሞ በየቀኑ ከምትውጠው አንዲት ክኒን በቀር ምንም እንዳልታዘዘላት አስረዳቻት። ለአክስቴ ግን አራቱን ከጨረሰች በኋላ በየሳምንቱ የሚሰጥ ሌላ አሥራ ሁለት ጊዜ ታዝዞላት ነበር።

በመንገድ ላይ፣ «ልጄ፣ በሽታው አንድ ከሆነ መድኃኒቱ ስለ ምን ይለያያል? እኔን እንዲህ የሚያመላልሱኝ ዘመድ ስለሌለኝ ነውን? እንግዲህ ይበቃኛል፤ መስቀልን በቤቴ እውላለሁ» አለችኝ። የኬሚስትሪ ተማሪ ሆኜ ሳለ የምመልስላት አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ ለመመለስ ስል ያነበብሁት ውጤት ነው። የጡት ነቀርሳ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የአክስቴ ብቻ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፩. መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

ዕባጩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ መድኃኒት መስጠት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ፣ ዕባጩ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት የነቀርሳ ሕዋሳት በደም ወይም በሊምፍ መንገድ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄደው ሊሆን ስለሚችል ነው። እነዚህን ሕዋሳት ዓይንም ሆነ የራጅ መሣሪያ አያያቸውም። ቢላዋ የማይደርስበትን ቦታ የሚያዳርሰው በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ነው።

የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመቱት በመከፋፈል ላይ ያለውን ሕዋስ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የዲ.ኤን.ኤ.ን ሁለት ክሮች እርስ በርሳቸው ያስራል። ቀይ መልክ ያለው ዶክሶሩቢሲን በዲ.ኤን.ኤ. መካከል ገብቶ የክሩን መፍታትና መጠገን ያውካል። ፓክሊታክሰልና ዶሴታክሰል ደግሞ ሕዋሱ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ የሚጠቀምበትን የውስጥ ጅማት አድርቀው ያስቀሩታል። እያንዳንዱ በተለየ ስፍራ ስለሚመታ፣ ከአንዱ ያመለጠው ሕዋስ በሌላው እንዲያዝ መድኃኒቶቹ ተጣምረው ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለው የነቀርሳ ሕዋስ ብቻ አይደለም። የጠጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ እንዲሁም ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔ እንዲሁ ናቸው። ጠጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም የሚያንሱት ስለዚህ ነው። በዙርና በዙር መካከል ሦስት ሳምንት ያህል ዕረፍት መሰጠቱም መቅኔው እንዲያገግም ነው። ዙሩ መደጋገሙን በተመለከተ ለአክስቴ የነገርኋት በራሷ ሥራ መስዬ ነው። የጤፍ ማሳ አንድ ጊዜ ታርሞ አይተውም፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያልበቀለው አረም በኋላ ብቅ ይላልና።

፪. የሚላኖው ጥናት

የዕቅዶች ንጽጽር ታሪክ ሲነገር ኢጣልያዊው ሐኪም ጃኒ ቦናዶና ሳይነሣ አይቀርም። እርሱና ባልደረቦቹ በሚላኖ ከተማ፣ ነቀርሳው ወደ ብብት ዕጢዎች የደረሰባቸውን 386 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ዕጣ ያስፈለገው፣ ብርቱዎቹ በአንድ ወገን፣ ደካሞቹ በሌላው ወገን ተሰብስበው ፍርዱን እንዳያዛቡ ነው። ለ207ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል (በአጭሩ ሲ.ኤም.ኤፍ.) ለአሥራ ሁለት ዙር ተሰጠ። ለ179ኙ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ተደረገላቸው። በ1976 የወጣው ዘገባ እንደሚገልጸው፣ በ27 ወር ክትትል ውስጥ መድኃኒት ካልወሰዱት 24 ከመቶው፣ ከወሰዱት ግን 5.3 ከመቶው ብቻ በሽታው ተመለሰባቸው።

ከዚያ በኋላ እነዚሁ ሐኪሞች አሥራ ሁለቱን ዙር ከስድስት ዙር ጋር ቢያነጻጽሩ ስድስቱ ከአሥራ ሁለቱ አላነሰም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፣ መድኃኒት ስለ ረዘመ ብቻ የተሻለ አለመሆኑ ነው።

፫. አንድ ውጤት፣ ሁለት ዋጋ

በ1990 በአሜሪካ የወጣ ጥናት በ2,194 ሴቶች ላይ ስድስት ዙር ሲ.ኤም.ኤፍ.ን ከአራት ዙር ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ (ኤ.ሲ.) ጋር አነጻጸረ። በሽታው ባለመመለሱም ሆነ በዕድሜ ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ኤ.ሲ. በ63 ቀን ሲያልቅ፣ ሲ.ኤም.ኤፍ. 154 ቀን ይፈጃል። እንዲሁም ኤ.ሲ. የሚወሰደው በአራት ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሲ.ኤም.ኤፍ. የመድኃኒቱ ቀናት 84 ነበሩ። በአንጻሩ ኤ.ሲ. ጠጉርን ይበልጥ ያረግፋል።

ዶክሶሩቢሲን ሌላም ዋጋ አለው። የልብን ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም በዕድሜ ልክ ከተወሰደው ጠቅላላ መጠን ጋር ያድጋል። መጠኑ የሚለካው በአካል ስፋት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዙር ለአንድ ሜትር ካሬ 60 ሚሊግራም ከተሰጠ አራቱ ዙር 240 ይሆናል። የልብ ድካም አደጋ በጣም የሚጨምረው ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደረስ ስለ ሆነ፣ አራት ዙር ለጤነኛ ልብ ከወሰኑ በታች ነው። የሆነ ሆኖ ከሕክምናው በፊት የልብ ምርመራ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

፬. መጠኑን መጨመር ወይስ ሌላ መድኃኒት መጨመር?

በ2003 የወጣ ጥናት፣ ነቀርሳው ወደ ብብት ዕጢዎች የደረሰባቸውን 3,121 ሴቶች ይዞ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ጠየቀ። የዶክሶሩቢሲን መጠን ከ60 ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 90 ቢጨመር ይጠቅማልን? ከአራቱ የኤ.ሲ. ዙሮች በኋላ አራት ዙር ፓክሊታክሰል ቢታከልስ? የመጀመሪያው መልስ፣ «አይጠቅምም» ሆነ። የሁለተኛው መልስ፣ «ይጠቅማል» ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ቍጥር አነጋገር አንድ ነገር ልበል። ጥናቱ፣ ፓክሊታክሰል የበሽታውን መመለስ በ17 ከመቶ፣ ሞትን በ18 ከመቶ ቀነሰ ይላል። ይህ ማለት ግን ከመቶ ሴቶች አሥራ ሰባቱ ተረፉ ማለት አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ከመቶ 65 የነበሩት 70፣ በሕይወት የነበሩትም 77 የነበሩት 80 ሆኑ። አምስት ሴቶችና ሦስት ሴቶች ማለት ነው። ቍጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከሦስቱ አንዷ ለሆነችው ግን ሁሉ ነገር ነው።

፭. የጊዜ አከፋፈል

በዚያው ዓመት በ2,005 ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ያንኑ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ከመስጠት ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳየ። በአራት ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በመጀመሪያው አኳኋን 75 ከመቶ፣ በሁለተኛው 82 ከመቶ ነበሩ። ነገር ግን መቅኔው በሁለት ሳምንት እንዲያገግም ፊልግራስቲም የሚባል ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛ መርፌ አብሮ መሰጠት አለበት። መርፌው በሌለበት ቦታ ይህን ዕቅድ መከተል አደገኛ ነው።

በ2008 የወጣው፣ 4,950 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ደግሞ ከኤ.ሲ. ቀጥሎ የሚሰጠውን ፓክሊታክሰል የተመለከተ ነው። በየሦስት ሳምንቱ አራት ጊዜ ከወሰዱት 76.9 ከመቶው፣ በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ከወሰዱት ግን 81.5 ከመቶው በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው አልተመለሰባቸውም። በሁለቱም መንገድ ጊዜው ያው ሦስት ወር ያህል ነው፤ የሚለየው ምልልሱ ነው። የእጅና የእግር መደንዘዝ ግን ከ20 ከመቶ ወደ 27 ከመቶ ከፍ ብሏል።

የአክስቴ አሥራ ሁለት ቀጠሮ እንግዲህ የመጣው ከዚህ ጥናት ነው። ለተመራማሪው «በየሳምንቱ» አንድ ቃል ነው። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ ለምትኖር ገበሬ ግን የሦስት ወር ማረፊያ፣ የሚጠብቃት ከብትና የሚታጨድ እህል ነው።

፮. አራት ብቻ ስለ ወሰደችውና ምንም ስላልወሰደችው

ዶክሶሩቢሲን የሌለበት ዕቅድም አለ። ዶሴታክሰልና ሳይክሎፎስፋማይድ (ቲ.ሲ.) አራት ዙር፣ ከአራት ዙር ኤ.ሲ. ጋር በ1,016 ሴቶች ላይ ሲነጻጸር፣ በሰባት ዓመት በሽታ ሳይመለስባቸው የቆዩት 81 በ75 ከመቶ፣ በሕይወት የነበሩትም 87 በ82 ከመቶ ሆነው ቲ.ሲ. በልጧል። በ2017 የወጣ ሌላ ዘገባ ግን ስድስት ዙር ቲ.ሲ.ን ከዶክሶሩቢሲንና ከታክሰል ጥምር ጋር አነጻጽሮ፣ በአራት ዓመት 88.2 በ90.7 ከመቶ ሆኖ ጥምሩ በጥቂቱ እንደ በለጠ አሳየ። ስለዚህ የብብት ዕጢዎቿ ንጹሕ ለሆኑላት ወይም ልቧ ለደከመ ሴት ቲ.ሲ. መልካም ምርጫ ሲሆን፣ በሽታው ወደ ዕጢዎቿ ለደረሰባት ሴት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ጥምሩን ይመርጣሉ። አራት ብቻ የወሰደችው ሴት ዕጢዎቿ ንጹሕ እንደ ነበሩ ራሷ ነግራን ነበር፤ የአክስቴ ግን ተነክተው ነበር።

ክኒን ብቻ የታዘዘላት ሴትስ? አንዳንዱ ነቀርሳ የሚያድገው ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን እየተመገበ ነው። ከዕባጩ የተወሰደው ሥጋ ተመርምሮ የሆርሞን ተቀባይ ከተገኘበት፣ እንደ ታሞክሲፈን ያለ ክኒን ምግቡን ይከለክለዋል። በ2018 የወጣ ታላቅ ጥናት፣ ተቀባዩ ካላቸው፣ ሄር ሁለት የሚባለው ፕሮቲን ከሌለባቸውና ዕጢዎቻቸው ንጹሕ ከሆኑ ሴቶች መካከል፣ በ21 ጂኖች ምርመራ መካከለኛ ውጤት ያገኙትን 6,711 ሴቶች በዕጣ ከፍሎ ነበር። በዘጠኝ ዓመት የሆርሞን ሕክምና ብቻ የወሰዱት 83.3፣ ኬሞቴራፒ የተጨመረላቸው 84.3 ከመቶ በሽታ አልተመለሰባቸውም፤ ይኸውም ከሞላ ጐደል እኩል ነው። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በታች ለሆኑ አንዳንዶች ብቻ ኬሞቴራፒው ጥቂት ጠቅሟል። እንግዲህ ክኒን ብቻ መታዘዙ ቸልታ አይደለም፤ የማይጠቅምን መርዝ ማስቀረት ነው። ሄር ሁለት የበዛበት ነቀርሳ ደግሞ ትራስቱዙማብ የሚባል የራሱ መድኃኒት አለው።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ «የትኛው ዕቅድ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የሌለው መሆኑን ነው። መጠየቅ የሚገባው፣ «ለየትኛዋ ሴት?» ተብሎ ነው። ነቀርሳው እስከ የት ደርሷል? የሥጋው ምርመራ ምን ይላል? ልቧና ደሟ ምን ያህል ይችላሉ? መድኃኒቱስ ሳይቋረጥ ሊደርሳት ይችላልን? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቦናዶናና ባልደረቦቹ በኋላ እንደ ተመለከቱት፣ ከታቀደላቸው መጠን ቢያንስ 85 ከመቶ የወሰዱት ሴቶች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። እነዚህ በዕጣ የተለዩ ስላልሆኑ፣ ቀድሞውኑ ብርቱ የነበሩት ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም ሕክምናን በመንፈቅ መተው የሚመከር አይደለም። በአገራችን ብዙ ሴቶች በወጣትነታቸው፣ ያውም ዘግይተው፣ ወደ ሐኪም ስለሚመጡ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ከላይ የዘረዘርሁት የሐኪምን ምክር አይተካም። ግን ሐኪሙ ከበሩ ውጭ ብዙ ሕመምተኛ ስለሚጠብቀው ለእያንዳንዷ ሴት «ለአንቺ ይህ የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው» ለማለት ጊዜ ያጣል። ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ያላገኘች ሴት ደግሞ ምክንያቱን ራሷ ትፈጥራለች፤ ዘመድ ስለሌለኝ ነው ትላለች፤ ከዚያም ሄዳ ትቀራለች። በሕክምና ትምህርት ቤት ያላችሁ ጓደኞቼ ይህን እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ።

አክስቴ መስቀልን በቤቷ አልዋለችም። ያነበብሁትን በሚገባት ቋንቋ ካስረዳኋት በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንኪያስ አረሙ በዝቶብኝ ኖሯል» አለች። እህሉን ጎረቤት አጨደላት። በእኛ ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላት፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ አሥራ ሁለቱን ጨርሳ ለገና አገሯ ገባች። በሽታው ይመለስ አይመለስ ማንም ሊነግራት አይችልም። የታዘዘላት ለምን እንደ ታዘዘላት ግን ዐውቃ ሄዳለች።