ግቢ የገባውን ልጅ ማን ይቀበለው?

በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ በተመደብኩበት ዓመት ከአምባሰል የተነሣሁት እናቴ የቆላችውን ቆሎ፣ አንድ ብርድ ልብስና የአባቴን ዱዓ ይዤ ነበር። ከውጫሌ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ የግቢው በር ደረስኩ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ የተጠየቅሁት የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን ዋናውን ነው። በእጄ ያለው ግን ኮፒ ብቻ ነበር። ማስታወቂያው «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ይል ኖሯል። እኔ ማስታወቂያውን በዓይኔ አላየሁትም፤ የሰማ ለሰማ ነግሮት እኔ ዘንድ የደረሰው «ኮፒ ያዝ» የሚለው ብቻ ነው። ዋናውማ እንዳይጠፋ ተብሎ በአባቴ ሣጥን ተቆልፎበታል።

ምዝገባው የሚያበቃው በማግስቱ ነበር። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ወደ መናኸሪያ ስለመመለስ ሳስብ አንድ ልጅ አጠገቤ ቆመ።

«የወሎ ልጅ ነህ አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«በአነጋገርህ ነዋ! እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝ። አብሽር፣ ይኼ የሚፈታ ነገር ነው።»

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ይዞኝ ሄዶ ማመልከቻ አጻፈኝ፤ ከኃላፊው ዘንድ አቀረበኝ፤ አምስት ቀን ተፈቀደልኝ። ከዚያም ውጫሌ አንድ ሱቅ ስልክ አስደወለኝና አባቴ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ በሾፌር ላከልኝ። ተመዘገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ግን ወደ ቀዬዬ ተመልሼ «ሳይቀናው ቀረ» ይባልልኝ ነበር። የቀረሁት በአንድ ቃል ጉድለት መሆኑንም ማንም አያውቅም ነበር።

የአንድ ቃል ዋጋ

የአምባሰል ሰው የአንድን ቃል ዋጋ ከማንም በላይ ማወቅ ይገባው ነበር። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ሲይዝ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን መንግሥት በኩል ለማድረግ ፈቃዳቸው መሆኑን ሲናገር፣ ጣሊያንኛው አገሪቱን ጥገኛ አደረጋት። መጨረሻው በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሆነ። እርግጥ የመንግሥታት ውልና የአንድ ተማሪ ምዝገባ አይተካከሉም። ሆኖም ጸሐፊው ያሰበውና አንባቢው የተረዳው ሲለያዩ ጉዳቱ የሚወድቀው ባልተረዳው ላይ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከፍ ብሎ ከመቶ 5.4 ሆነ። ይህ ሁሉ ወንፊት አልፎ ግቢ የደረሰ ልጅ በወረቀት ሳቢያ ወይም በባይተዋርነት ሲመለስ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጥሪቷን ሸጣ የላከች እናትም ናት።

የእኛ አገር ልጆች የመጡበት መንገድም መዘንጋት የለበትም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን አዳርሷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፎ ተጎድቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የጥሪ ማስታወቂያ ደግሞ ዛሬ የሚወጣው በአብዛኛው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ ላይ የሚወጣ ልጅ ማስታወቂያው የሚደርሰው እንደ እኔው በሰው አፍ ነው።

የቆየው ደረሳ

አዲስ ተማሪን መቀበል ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ጌታ፣ ወደ ዳና፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ለቂርኣት ከሩቅ ይጓዝ የነበረውን ደረሳ እናስታውስ። ልጁ ስንቁ ሲያልቅ የሚያጎርሰው የአገሩ ሰው ነበር። የት እንደሚያድር፣ ከሸኹ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የትኛውን ኪታብ አስቀድሞ እንደሚይዝ የሚነግረው ደግሞ ከእሱ በፊት የመጣው ደረሳ ነው። ዕውቀቱን የሚሰጡት ሸኹ ቢሆኑም መግቢያውን የሚያሳየው የቆየው ደረሳ ነበር።

በዩኒቨርሲቲም ነገሩ ያው ነው። መምህሩ የሚያገኘው ክፍል የገባውን ተማሪ ነው። ክፍሉን ፈልጎ ያጣውን፣ ዶርም ውስጥ ተሸፋፍኖ የተኛውን የሚያገኘው ግን ሲኒየሩ ነው። ይህ በጎ ሥራ ዛሬም በየግቢው አለ። ጉድለቱ በዕድል ላይ መመሥረቱ ነው። የአገሩን ልጅ ያገኘ ይረዳል፤ ያላገኘ ይቀራል።

የተግባር ልምምዱ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በሬዲዮ ጣቢያ፣ በጋዜጣ ወይም በሕዝብ ግንኙነት ቢሮ የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ልምምዳቸውን አዲስ ገቢዎችን በማገዝ ላይ ቢያደርጉ ምን ይሠራሉ?

አንደኛ፣ የቢሮውን ማስታወቂያ ወደ ሰው ቋንቋ ይመልሱታል። «የትምህርት ማስረጃ» ብሎ ከማለፍ፣ «የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ዋናውም ኮፒውም፤ ጉርድ ፎቶ፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ጨርቅ» ብለው በአንድ ገጽ ይጽፋሉ። ገጹ በሐይቅና በውጫሌ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ቢለጠፍ፣ በመስጊድና በገበያ ቢነገር ቴሌግራም የሌለው ሁሉ ይደርሰዋል።

ሁለተኛ፣ ስልክ ያነሣሉ። የእናቶችን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። የሴቶች ዶርም ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ሰላት የት ይሰግዳሉ? ረመዳን ሲገባ ሱሑር እንዴት ይሆናል? ካፌ የማይመገብ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ እንዴት ይቀበላል? እነዚህ ለቢሮ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ለምትልክ እናት ግን ልጇን መላክና አለመላክ የሚወሰንባቸው ናቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መከታተል ነው። አቀባበሉ አልቆ፣ ባነሩ ተነሥቶ፣ የትምህርቱ እንግሊዝኛ ሲከብድ፣ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ልጁ ልቡ ይሸፍታል። «አገሬ ልግባ» የሚለው ያኔ ነው። ሳይናገር ሻንጣውን ይዞ የወጣ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት ይቸገራል፤ የመልቀቂያ ቅጽ (ዊዝድሮዋል) ሞልቶ በሥርዓቱ የወጣ ግን በር ይቀርለታል። ይህን አንድ ነገር በጊዜው የሚነግረው ሰው ማግኘት የአንድ ልጅ ዕጣ ሊቀይር ይችላል።

ለልምምድ ተማሪውም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የማስታወቂያ ሚዛኑ ማማሩ ሳይሆን፣ የመጨረሻው አንባቢ የተባለውን ማድረጉ ነው። ይህን ከክፍል ይልቅ የሬጅስትራር መስኮት ፊት የቆመ ልጅ ያስተምረዋል።

ወላጆች ሆይ

ልጃችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት ማስታወቂያውን ራሱን አስነብቡ፤ በሰሚ ሰሚ አትላኩ። ዋናው ወረቀት ከሣጥን ወጥቶ ከልጁ ጋር ይሂድ፤ ኮፒው እናንተ ዘንድ ይቅር። በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ከእሱ በፊት እዚያው ግቢ የገባ ልጅ ካለ፣ የሃይማኖቱ ነገር ሳያግዳችሁ፣ ስልኩን ፈልጋችሁ አስይዙት። ስትደውሉም «ውጤትህ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በልተሃል? ጓደኛ አገኘህ?» በሉት።

ያ የሐይቅ ልጅ ሊመረቅ ሲል «ውለታህን በምን ልመልስ?» ብዬው ነበር። ሳቀና «ለእኔ ምን ትመልሳለህ? ከርሞ ከአምባሰል ሻንጣ ተሸክሞ የሚመጣ አይጠፋም» አለኝ። በቀጣዩ ዓመት የምዝገባ ሰሞን በማለዳ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። ከአውቶቡስ ከወረዱት መካከል አንዷ ልጅ ግራ ቀኝ ስታይ አየኋትና ጠጋ ብዬ «የወሎ ልጅ ነሽ እንዴ እህቴ? ዋናውን ወረቀት ይዘሻል?» አልኳት።

ይዛ ነበር። አላህ የሄዱትን ልጆቻችንን ያበርታልን፤ የሚቀበላቸውንም አያሳጣቸው።