ራስ ሲታመም ማጅራትን ማሸት፤ የሚረዳበትና እጅ የማይነካበት ጊዜ

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ በወለጋ ከተሞች ሁሉ አንድ ሰው «ራሴን አመመኝ» ባለ ጊዜ በቤቱ የሚደረግለት ነገር የታወቀ ነው። አንዷ ሻሽ አምጥታ ግንባሩን ጥብቅ አድርጋ ታስርለታለች፤ ሌላዋ ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ ታደርግለታለች፤ ዳማከሴ የሚቀጠፍለትም አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እጅ ወደ ማጅራት ይሄዳል። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ እኅት ወንድሟን ታሻለች። ሕመሙ የበረታ እንደ ሆነ የሰፈሩ ወጌሻ ይጠራል።

«ይኸ ልማድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። መልሳችን አጭር ነው። ለአንዳንዱ ራስ ምታት እጅ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ እጅ ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም አይሠራም፤ የባከነውም ጊዜ ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ፣ ማሸቱም እንዴት እንደሚደረግ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1. ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም

ከሌላ በሽታ ሳይመጣ በራሱ ከሚነሣው ራስ ምታት መካከል በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ከጡንቻ መወጠር ጋር የተያያዘው ነው። ይኸኛው ራስን እንደ ጠባብ ቆብ ከግራና ከቀኝ ይጨምቃል፤ ማጅራትና ትከሻ ይከብዳል። ሆኖም ሰውየው እየታመመም ቢሆን ሥራውን ይሠራል፤ አያስታውከውም። ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ እስከ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው በልማድ የራስ ፍልጠት፣ በሐኪሞች ዘንድ ማይግሬን የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይነሣና ከልብ ምት ጋር ድው ድው እያለ ይፈልጣል። ያቅለሸልሻል፣ ያስታውካል፤ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል፤ ሲራመዱ ይብሳል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት በዓይኑ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ያያል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ ከ7 ሰዎች አንዱን ያህል ያጠቃል፤ ሴቶችንም ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አብልጦ ይይዛል፤ በዘርም ይወርዳል። እንግዲህ በራስ ፍልጠት የተኛችን ሴት «ሥራ ጠልታ ነው» ወይም «መንፈስ ይዟት ነው» ማለት ትልቅ በደል ነው።

2. የማጅራት ድካም ወደ ራስ የሚወጣው እንዴት ነው?

የማጅራት ጡንቻዎች ከትከሻና ከጀርባ ተነሥተው የራስ ቅል ሥር ላይ ይያያዛሉ። ሥራቸው ከባዱን ራሳችንን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ሰው ለረጅም ሰዓት ካጎነበሰ ወይም ትከሻውን ሰብስቦ ከዋለ እነዚህ ጡንቻዎች ሳያርፉ ይውላሉ፤ ይደድራሉ፤ ሲነኳቸው ያማሉ። ከማጅራት ላይኛው ክፍልና ከፊት ሕመምን የሚያመጡት ነርቮች ደግሞ በአንጎል ሥር በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ስለዚህ የደከመው ማጅራት ሆኖ ሳለ የሚታመመው ግንባርና የዓይን ዙሪያ ይመስለናል።

በአገራችን ይህን የሚያመጣው ሥራ ሞልቷል። ጭራሮ ወይም ጀሪካን ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ፣ በምጣድ ላይ አጎንብሳ የምትጋግር፣ በቡና ለቀማ ወራት ቀኑን ሙሉ አንገቷን ወደ ቅርንጫፍ አቅንታ የምትውል፣ በነቀምቴ ገበያ በስፌት መኪና ላይ ያቀረቀረ ልብስ ሰፊ፣ በደብተሩና በስልኩ ላይ የተደፋ ተማሪ፤ እነዚህ ሁሉ ማታ ሲሆን ማጅራታቸውን ይይዛሉ። ሐሳብና ጭንቀትም ጥርስን ያስነክሳል፣ ትከሻን ያሰበስባል፤ ውጤቱ ያው ነው።

3. የማሸቱ ሥርዓት

ይህን በቤት ውስጥ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ደንቡ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ የሚያሸው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጥፍሩን ይቁረጥ፤ ቀለበቱን ያውልቅ። በእጁ ላይ እከክ ወይም የሚያዥ ቁስል ያለበት ሰው ሌላውን አያሽ። በታማሚው አንገት ላይ ጭርት ወይም ቁስል ካለም ቦታው አይነካ።

ለ/ ታማሚው በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በጠረጴዛ ላይ በታጠፈ ጋቢ ያሳርፍ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሮ ጨምቆ ለ10 ደቂቃ ማጅራቱ ላይ ማድረግ ጡንቻውን ያላላዋል። ውኃው እንዳያቃጥል አስቀድሞ በክንድ ይለካ።

ሐ/ ጥቂት የኑግ ዘይት ወይም ያልሻገተ ቅቤ እጅን ለማንሸራተት ይበቃል። ቅቤው ራሱ ራስ ምታትን አያድንም፤ የሚሠራው እጅ ነው።

መ/ ከትከሻ ይጀመር። የትከሻውን ሥጋ በመዳፍና በጣቶች መካከል ይዞ ቀስ እያሉ ማፍተልተል ነው። ከዚያ በማጅራት ግራና ቀኝ በአውራ ጣት ከታች ወደ ላይ መሄድ። የራስ ቅል ሥር ሲደርሱ የደደረውን ቦታ ፈልጎ ለ10 ሰከንድ ያህል መጫንና መልቀቅ፤ ይህንንም ሦስት አራት ጊዜ መድገም። በመጨረሻ በዓይን ጫፍና በጆሮ መካከል ያለውን ቦታ፣ ቀጥሎም መንጋጋን በጣት ጫፍ በቀስታ ማዞር።

ሠ/ ኃይሉ ስንት ይሁን? ታማሚው «እሰይ፣ እዚያ ጋ ነው» ሲል ልክ ነው። ፊቱን ካኮሳተረ ወይም ትንፋሹን ከያዘ በዝቷል ማለት ነው። ሁሉም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ረ/ የአንገት ፊትና ጎን፣ የደም ሥር የሚመታበት ቦታ፣ አይጫን። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋትም ፈጽሞ አይደረግ። ይህ ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅና ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ማሸቱ የሚያሳርፈው ለጊዜው ነው። ሥራው ካልተስተካከለ ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ሸክምን ከፋፍሎ ማመላለስ፣ ምጣዱን ከፍ ባለ ምድጃ ላይ መጣድ፣ በየሰዓቱ ቀና ብሎ ትከሻን ማንከባለል ያስፈልጋል። ይኸ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

4. ስለ ራስ ፍልጠት

ለማይግሬን እጅ ብቻውን አይበቃም። ፍልጠቱ ሲበረታ ብዙ ሰው ጠጉሩ ሲነካ እንኳ ያመዋል፤ በግድ ማሸት አይገባም። የሚሻለው በጨለማና ጸጥ ባለ ክፍል ማስተኛት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ በግንባር ላይ ማድረግ፣ ሐኪም ያዘዘውንም ማስታገሻ ሕመሙ ሳይበረታ በጊዜ መዋጥ ነው። ማሸቱ ሕመሙ በሌለበት ቀን፣ በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ቢደረግ ለአንዳንድ ሰው ፍልጠቱ የሚመላለስበትን ጊዜ ያራርቅለታል።

ፍልጠቱን የሚቀሰቅሱትን ማወቅም ይረዳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ ሳይበሉ መዋል፣ የጭስ ብዛት፣ የወር አበባ መቃረብ ዋናዎቹ ናቸው። ወለጋ የቡና አገር ነውና ስለ ቡናም አንድ ቃል እንናገራለን። በቀን ብዙ ስኒ የለመደ ሰው በጾም ወይም በመንገድ ምክንያት በድንገት ቢያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። መፍትሔው ቡናን መጥላት አይደለም፤ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስና በየቀኑ እኩል ማድረግ ነው።

ማስታገሻ ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚውጥ ሰው ደግሞ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ክኒን ከሱቅ ከሚጨምር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፍልጠቱ እንዳይመላለስ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት አለ።

5. እጅ የማይነካው ራስ ምታት

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ ክፍል እንዳይረሳ እንለምናለን።

ማጅራት ገትር፦ በሽታው በስሙ ራሱን ተናግሯል፤ ማጅራትን የሚገትር ነው። እዚህ ላይ ነው ልማዳችን የሚያሳስተን። የልጁ አንገት ደርቆ ሲያዩ «ተወጥሯል፣ ይታሽ» ይባላል። ነገር ግን በሥራ የደከመ አንገት ትኩሳት የለውም። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስታወክና አገጭን ወደ ደረት ለማድረስ አለመቻል አንድ ላይ ከመጡ የአንጎል ሽፋን ቆስሏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሕፃን እንደ ሆነ አንገቱ ላይደርቅ ይችላል፤ እርግብግቢቱ ያብጣል፣ ጡት አይጠባም፣ ይፈዝዛል። ይህ በሽታ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አገራችን ይህ በሽታ በሚበዛበት የአፍሪካ መቀነት ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት፤ በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በተነሡት ወረርሽኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ክትባት አንዱን ዓይነት በእጅጉ ቀንሶታል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ ወጌሻ አይጠራ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ወባ፦ ለመኸር ወደ ዴዴሳ ወይም ወደ አንገር ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው፣ ነቀምቴ ደጋ ላይ ተቀምጦም ቢሆን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ቢለው ደሙ ይመርመር። ማሸትና ዳማከሴ ወባን አያወጡም።

የከሰል ጭስ፦ በክረምት በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሽታ የሌለው መርዛም አየር ይሞላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በቤቱ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል። በዚህ ጊዜ ተቀምጦ መተሻሸት አብሮ መሞት ነው። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ነፍሰ ጡር፦ ከ5 ወር ወዲህ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ የደም ግፊት ይሆናል፤ የእናቲቱም የልጁም ሕይወት አስጊ ነው። ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታትም እንዲሁ ነው።

ከዚህም ሌላ እንደ መብረቅ በድንገት የመታ ራስ ምታት፣ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የመጣ፣ እጅና እግርን የሚያደክም ወይም አንደበትን የሚያስር፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈን ሰው አዲስ የጀመረው፤ እነዚህ ሁሉ የሐኪም እንጂ የእጅ አይደሉም።

6. ለወጌሾች

በየሰፈሩ ያሉትን ወጌሾች እናከብራለን፤ ሰው ሌሊት በራቸውን የሚያንኳኳው እምነት ስላለው ነው። ይህን እምነት ለመልካም ነገር እንዲያውሉት እንጠይቃለን። ማጅራት ከመንካት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ትኩሳት አለ ወይ? አገጭ ወደ ደረት ይደርሳል ወይ? ሕመሙ እንዴት ጀመረ? ከመልሱ አንዱ እንኳ የሚያሠጋ ከሆነ «ይኸ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ማለት ሙያ እንጂ ውርደት አይደለም። ደግሞም ዋግምት እያሉ በምላጭ ግንባርንና ማጅራትን መብጣት ይቅር። ለራስ ምታት አይጠቅምም፤ ከሰው ወደ ሰው የዞረ ምላጭም የጉበት በሽታንና ኤች.አይ.ቪን ያስተላልፋል።

እንግዲህ በየቤቱ የምናሳስበው ይህ ነው፤ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ግንባር ይዳሰስ። ግንባሩ ካልተኮሰ፣ አንገቱ ከታጠፈ፣ ከላይ ከቆጠርናቸውም ምልክቶች አንዱ ከሌለ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ እሹት፤ ያርፋል። ከተኮሰና አንገቱ እንቢ ካለ ግን አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ተሸከሙት።